የሰኞው ንግግርና የዓርቡ ገበያ

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥራ የሚጀምርበትን ቀን ሕገ መንግሥቱ ራሱ ቆርጦለታል። በአንቀጽ 58 መሠረት የምክር ቤቱ የሥራ ጊዜ ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው። በአንቀጽ 71 ደግሞ የሁለቱን ምክር ቤቶች ዓመታዊ የጋራ ስብሰባ በንግግር የሚከፍተው ርእሰ ብሔሩ ነው። ስለዚህ ማን ፕሬዚዳንት ሆነ ማን ወረደ፣ ንግግሩ ሰኞ ነው።

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ጥግ፣ በታች ጋይንት፣ ስሟን ከገበያ ቀኗ የወሰደች ዓርብ ገበያ የምትባል ከተማ አለች። በሰኞና በዓርብ መካከል አራት ቀን አለ። በአዲስ አበባ የተነገረው ቃል ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ የሚደርሰው በሬዲዮ በዚያው በሰኞ ነው። ትርጉሙ የሚታወቀው ግን ነጋዴው ቁናውን አንሥቶ ዋጋ ሲጠራ ነው። የዚህ አገር ገበያተኛ ንግግሩን አይንቅም፤ ያዳምጣል። የሚያዳምጠው ግን ስለ መጪው ዓመት የተባለውን ብቻ አይደለም። «በዚህ ሳምንት ምን ሊመጣ ነው?» የሚለውንም ነው። ይህ ጥርጣሬ ከየት መጣ ቢባል ባለፉት ዓመታት ከሆነው ነው።

ዶክተር ሙላቱ ተሾመ መስከረም 29 ቀን 2010 ዓ.ም. ሰኞ ለጋራ ጉባኤው ባደረጉት ንግግር ኢኮኖሚው በተጠናቀቀው በጀት ዓመት 10.9 በመቶ ማደጉን አበሠሩ። ጭብጨባው ገና ከጆሮ ሳይወጣ፣ ከጥቅምት 1 ጀምሮ ብር ከዶላር ጋር ያለው ምንዛሪ በ15 በመቶ እንዲወርድ ብሔራዊ ባንክ ወሰነ። 23 ብር ከአርባ ሳንቲም ገደማ የነበረው አንድ ዶላር 27 ብር ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድም ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አለ። ሰኞ ዕድገት፣ ረቡዕ ምንዛሪ።

የጋይንት ገበሬ ዶላር አያውቅም፤ ምንዛሪውም አይመለከተውም የሚል ሰው ቢኖር የገበሬውን ቤት ጓዳ አላየም ማለት ነው። ጣሪያው ላይ ያለው ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮውን የያዘው ሚስማር፣ ወጡ ላይ ጠብ የምትለው የፓልም ዘይት፣ የሬዲዮው ባትሪ፣ ከሁሉም በላይ ማሳው ላይ የሚበተነው ዩሪያ በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ናቸው። ከአዲስ አበባ የሚጭነው አከፋፋይ በማግሥቱ ዋጋ ይጨምራል። የደብረ ታቦሩ ጅምላ ነጋዴ ያንኑ ያሳልፋል፤ የነፋስ መውጫው ቸርቻሪ የራሱን ይጨምርበታል። ከነፋስ መውጫ ወደ ታች ወርዶ ዓርብ ገበያ ሲደርስ ሦስት እጅ አልፎበታል። የገበሬው ባቄላ ግን በተቃራኒው መንገድ ሲወጣ ያንኑ ሦስት እጅ የሚያልፈው ዋጋ እየተቀነሰለት ነው።

ከሰባት ዓመት በኋላም እንዲሁ ሆነ። መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ፓርላማው ወይዘሮ ሣህለወርቅ ዘውዴን አሰናብቶ አቶ ታዬ አጽቀ ሥላሴን በፕሬዚዳንትነት ሰየመ። አዲሱ ርእሰ ብሔር ቃለ መሐላ ፈጽመው በዚያው ቀን የመክፈቻ ንግግሩን አደረጉ። በንግግራቸው በ2017 በጀት ዓመት 8.4 በመቶ ዕድገት እንደሚጠበቅ ተናገሩ። በማግሥቱ ማክሰኞ መስከረም 28 የነዳጅ ዋጋ ተከለሰ። 82 ብር ከ60 ሳንቲም የነበረው ቤንዚን 91 ብር ከ14፣ 83 ብር ከ74 የነበረው ናፍጣ 90 ብር ከ28 ሳንቲም ገባ። ሒሳቡን ለሠራው ሰው ናፍጣው በአንድ ሌሊት 7.8 በመቶ፣ ቤንዚኑ ከ10 በመቶ በላይ «አድጓል»። ኢኮኖሚው 8.4 በመቶ ለማደግ ዓመት ተሰጥቶታል፤ ናፍጣው አንድ ሌሊት በቅቶታል።

እህል የሚጭነው አይሱዙ በናፍጣ ነው የሚሄደው። የዓርብ ገበያ ነጋዴ በዚያ ሳምንት ዓርብ ገበያ ሲወጣ አዲሱን የጭነት ዋጋ በአእምሮው ይዞ ነው የሚወጣው። ጭማሪው ከሚገዛው እህል ላይ ይቀነሳል፣ በሚሸጠው ዘይትና ሳሙና ላይ ይደመራል። በሁለቱም በኩል የሚከፍለው አንድ ሰው ነው። ከሦስት ወር በኋላ ነዳጁ ዳግም ተከልሶ ቤንዚን 101 ብር ከ47፣ ናፍጣ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ሲገባ ደግሞ ፓርላማው የተከፈተበት ሳምንት አልነበረም። ስለዚህ ንግግሩን የዋጋ ምክንያት ማድረግ ፍትሐዊ አይሆንም። በ2010ም ሆነ በ2017 ውሳኔው የተዘጋጀው ንግግሩ ከመጻፉ በፊት ይሆናል። ከሳሽ ሆኖ የሚቀርበው ቀኑ ነው። መንግሥት ከባድ ውሳኔውን ከመልካም ዜናው ጋር በአንድ ሳምንት ማቆራኘት ከለመደ፣ ገበያተኛው መልካሙን ዜና የከባዱ ውሳኔ ደወል አድርጎ ቢሰማው የሚወቀሰው ገበያተኛው አይደለም።

ሁሉም ዓመት እንዲህ ነበር ማለትም አይደለም። መስከረም 30 ቀን 2009 ዓ.ም. ዶክተር ሙላቱ ንግግራቸውን ያደረጉት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መታወጁ በተነገረ ማግሥት ነበር። በዚያን ቀን የሰማው ሁሉ ያስታወሰው አንድ ቁጥር ነው፤ ለወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ የተመደበው 10 ቢሊዮን ብር። ፈንዱ በአዋጅ ቁጥር 995 ተቋቋመ። በአማራ ክልል ብሩን ያከፋፈለው የክልሉ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ማለትም ኋላ ጸደይ ባንክ የሆነው አብቁተ ነበር። ከዘንድሮ ወደ ኋላ ሲታይ በእነዚህ ንግግሮች ውስጥ በገጠር ወረዳ ሊቆጠር የሚችል ብር የተጠራበት እምብዛም አልነበረም፤ ይሄኛው ከጥቂቶቹ አንዱ ነው።

የተበላ እህል ዕድገት

ንግግሩ የሚደረግበት ወቅት በራሱ ለጋይንት አይመችም። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። በመስከረም መጨረሻ ፕሬዚዳንቱ «ግብርናው ይህን ያህል በመቶ አደገ» ሲሉ የሚናገሩት ባለፈው ኅዳርና ታኅሣሥ ስለታጨደው እህል ነው። ያ እህል ግማሹ በጥር ለማዳበሪያ ዕዳና ለግብር ተሽጧል፤ የቀረው በክረምት ተበልቷል። መስከረም በደጋው ጎተራ የሚጠረግበት፣ አዲሱ አዝመራ ገና በእሸት ያለበት ወር ነው። የእህል ዋጋ በየዓመቱ ከሐምሌ እስከ መስከረም ጣሪያ ይነካል፤ ከኅዳር ጀምሮ ወርዶ በጥር ወለል ላይ ያርፋል። የዕድገቱ ቁጥር የሚነገረው እንግዲህ ቁናው በጣም በተወደደበት ሳምንት ነው። የሚነገረው ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ሰሚው ግን ቁጥሩን ከየትኛው እህል ጋር እንደሚያገናኘው ግራ ይገባዋል።

በዚህ አካባቢ ገበሬ በርካሽ ሸጦ በውድ የሚገዛ ነው። በጥር የሸጠውን ያንኑ ገብስ በነሐሴ ተመልሶ ይሸምታል። የሁለቱ ዋጋ ልዩነት የማን ኪስ እንደገባ ለመጠየቅ ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም፤ መጋዘን ያለው የማን እንደሆነ ማየት ይበቃል። ከ4 ሺሕ ሜትር በላይ ከፍ በሚለው በጉና ተራራ ግርጌ የሚመረተው ድንች ደግሞ እንደ ገብስ ጥር ድረስ እንኳ አይጠብቅም። ድንች ይበላሻል። መኪና በመጣበት ቀን መኪናው ባለው ዋጋ ይሸጣል፤ መኪና ካልመጣ በጓሮ ይቀራል።

መኪናውን የሚያመጣው አንድ መንገድ ነው። ከወረታ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ ወልዲያ የሚወጣው፣ በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት መንገድ። ስማዳና ታች ጋይንት ከዚህ ጎዳና ወደ ደቡብ፣ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርዱ ናቸው። እስቴም ከዓባይ ማዶ ጎጃምን ትመለከታለች። ሰባራ ድልድይ የሚባለው ጥንታዊ ማቋረጫ ሞጣን ከዚህ ጋር ሲያገናኝ የኖረው ለነጋዴ እግር ነው። ዋናው ጎዳና ሲዘጋ ግን የሦስቱም ገበያ ይታመማል።

ጎዳናው የተዘጋባቸው ዓመታት ጥቂት አይደሉም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ለዘጠኝ ቀን ያህል ቆየች። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዚያን ሰሞን በከተማዋ ሴቶች ላይ የተፈጸመውን አስገድዶ መድፈርና ዝርፊያ መዝግቧል። ጉሊት ነግደው፣ እንጀራ ሸጠው የሚያድሩ ሴቶች ነበሩበት። ከወር ተኩል በኋላ፣ መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ወይዘሮ ሣህለወርቅ አዲስ የተመረጠውን ፓርላማ ከፈቱ። በዚያን ዓርብ በጋይንት ገበያ የወጣው ሰው የሚገበያየው ከዘረፋ በተረፈው ነበር።

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ውጊያ ተነሣ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሐምሌ 28 ታውጆ አሥር ወር ቆየ። የሞባይል ኢንተርኔትም በክልሉ ለአንድ ዓመት ገደማ ተቋረጠ። መስከረም 28 ቀን 2016 ዓ.ም. ፕሬዚዳንቷ ኢኮኖሚው 7.5 በመቶ ማደጉንና ለዓመቱ 7.9 በመቶ መታቀዱን ሲናገሩ፣ በአማራ ክልል ያለ ነጋዴ የባሕር ዳርን ዋጋ በቴሌግራም ጠይቆ የሚያረጋግጥበት ጊዜ አልነበረም። ዋጋ ሳያውቁ መሸጥ ለገዢ ይጠቅማል፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ገዢም ይጠፋል። በአንዱ ወገን ድንች ረክሶ ሲጣል በሌላው ወገን ድንች ተወደደ የሚባለው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የሚወጣው የዋጋ መለኪያ ይህን አያሳይም። በሰኔ 2016 የአገሪቱ የዋጋ ግሽበት 19.9 በመቶ መድረሱ፣ ማለትም ከቀደሙት ዓመታት 30 በመቶና ከዚያ በላይ መውረዱ፣ እውነተኛ ለውጥ ነው። ነገር ግን የሁለት ገበያ አማካይ ነው። አንዱ ገበያ ሲራብ ሌላው ሲጥል አማካዩ ያማረ ሊሆን ይችላል።

ወር ሳይሞላ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 57 ብር ከግማሽ ገደማ የነበረው ዶላር በመጀመሪያው ቀን 74 ብር ከ73 ሳንቲም ሆነ፤ በነሐሴ መቶን ተሻገረ። የ2010ሩ 15 በመቶ ከዚህ አጠገብ ሲቆም ጨዋታ ይመስላል። መንግሥት ማዳበሪያን በድጎማ ለመያዝ መወሰኑ የገበሬውን ክንድ ባይደግፍ ኖሮ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር መገመት አያዳግትም። የዓለም ገበያ ተናግቶ በ2014 የማዳበሪያ ዋጋ ከእጥፍ በላይ በዘለለበት ዓመት ገበሬው አይቶታልና።

ስድስት ብር

በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንትና በስማዳ ስለ ገበያ ሲወራ ሴፍቲኔት ሳይነሣ አይታለፍም። መርሐ ግብሩ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ሦስቱም ወረዳዎች ገቡበት። እርከን የሚሠራው፣ መንገድ የሚጠርገው ሰው የቀን ክፍያ 6 ብር ነበር። የዕቅዱ አሳብ ቀላልና ትክክል ነበር፤ ብሩ ለእህል መግዣ ይበቃል፣ ገበያውም በእርዳታ ስንዴ ከመጥለቅለቅ ይድናል።

አሳቡን የፈተነው ገበያው ራሱ ነው። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ በአገሪቱ ሁሉ ሲሰቀል 6 ብሩ 8 ብር ተደረገ፤ እህሉ ግን ጥሎት ሄደ። ያን ጊዜ ተረጂው በየወረዳው «ብሩ ይቅርብኝ፣ እህሉ ይሁንልኝ» ማለት ጀመረ። እነዚያ ዓመታት የመስከረሙ ንግግር ከዓመት ዓመት ባለሁለት አሐዝ ዕድገት ያነበበባቸው ነበሩ። ሰው ከብር እህል ሲመርጥ ስለ ብሩ የሚሰጠው ምስክርነት ነው፤ ይህን ምስክርነት ፓርላማ ውስጥ ያነሣ ተወካይ ቢኖር ለሞሽኑ ክርክር ጥሩ ስንቅ በሆነው ነበር።

ሞሽን ሲባል፣ ከንግግሩ በኋላ ምክር ቤቱ የድጋፍ ሞሽን ያዳምጣል፤ አባላቱ ጥያቄ ያነሣሉ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀርበው ይመልሳሉ። በ2017 ይህ የሆነው ጥቅምት 21፣ በ2018 ጥቅምት 18 ነበር። በሥርዓቱ ንግግሩ የፕሬዚዳንቱ ነው፤ የያዘው ግን የመንግሥትን የዓመት ዕቅድ ስለሆነ ተጠያቂው አስፈጻሚው ነው። ገበያተኛውም ይህን ያውቀዋል። ስለዚህ ከሁለቱ የቱን ታዳምጣለህ ቢባል የጥቅምቱን ይመርጣል። በጥያቄው ውስጥ አንዳንዴ የራሱን ወረዳ ስም ይሰማልና።

ነገሩ ከንጉሡ ዘመን የተለየ አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዙፋን ንግግራቸውን ለፓርላማ የሚያደርጉት በዘውድ በዓላቸው፣ ጥቅምት 23 ነበር። በ1960 ዓ.ም. ከዚያ በዓል ሳምንታት በኋላ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። የግብሩ ቆጣሪ ከዓባይ ማዶ ጎጃም ሲደርስ አመፅ ተነሣ። ከእስቴና ከስማዳ ገደል ላይ ሆኖ ማዶውን የሚያይ ሰው የመንግሥትን ቃል ከበዓሉ ይልቅ በበዓሉ ማግሥት መመዘን የለመደው ዛሬ አይደለም።

የአኩፋዳ ሚዛን

በዚህ አገር የዋጋ መለኪያ ከተባለ፣ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ያልመዘገበው አንድ አለ። ጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ዜማ የተማረ ሁሉ፣ ከየትም አገር ቢነሣ፣ ድጓውን አስመስክሮ መምህር ለመባል የሚመጣው ወደዚች ደብር ነው። ቤተ ክርስቲያኗም ብርቅ ናት። ጸሐፊው ቶማስ ፓኬንሃም በአውሮፓውያን 1950ዎቹ ሲደርሱባት ከውጭ ያዩት ክብ የሣር ክዳን ነው፤ ውስጡ ሲገቡ አራት ማዕዘን የሆነ ጥንታዊ የድንጋይና የእንጨት ሕንፃ አገኙ።

ተማሪው ደመወዝ የለውም፣ ሴፍቲኔትም አይመዘግበውም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይዞራል። የሚያገኘው ቁራሽ እንጀራ፣ እፍኝ ቆሎ፣ ሲቀናው ዱቄት ነው፤ የተረፈው ደርቆ ኮቾሮ ይሆናል። ጎተራ ሙሉ በሆነበት በጥር ባልቴቷ ሙሉ እንጀራ ታወጣለች። በነሐሴና በመስከረም ያችው ባልቴት ግማሹን ትቆርሳለች፤ ክፉ ዘመን ከሆነ ሩቡን ትቆርስና ይቅርታ ትጠይቃለች። ባዶ እጅ መመለስ ነውር ስለሆነ ቁራሹ ያንሳል እንጂ አይቀርም። ኩንታል ጤፍ ስንት ገባ ብሎ ለሚጠይቅ፣ መልሱ ማታ ተማሪዎቹ አኩፋዳቸውን ሲያራግፉ ይገኛል።

ከተማ ያለው ሸማች ዋጋ ሲወደድ ደመወዙ እስኪጨመር ይጮኻል። በመስከረም 2018 ለመንግሥት ሠራተኛው የተደረገው ጭማሪ ዝቅተኛውን ደመወዝ ከ4 ሺሕ 760 ወደ 6 ሺሕ ብር አድርሶታል፤ ለደብረ ታቦርና ለነፋስ መውጫ ሠራተኛ የተገባ እፎይታ ነው። ይህ ገንዘብ ወደ ገበያ ሲወጣ ግን የእህሉ ብዛት ያው ነው። ከደመወዝተኛው ጋር አንድ ገበያ ላይ ቁና ይዞ የሚቆመው ገዢ ገበሬ፣ ከገዢው ገበሬ ቁራሽ የሚጠብቀው ተማሪ፣ ጭማሪው የሚደርሳቸው በተወደደ ዋጋ በኩል ነው።

በዚያው ዓመት የፓርላማው መክፈቻ የዋለው መስከረም 26 ነበር። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ይህ ዘመነ ጽጌ የሚገባበት ቀን ነው፤ እስከ ኅዳር 5 ማኅሌተ ጽጌ በየሳምንቱ ይቆማል። ፕሬዚዳንት ታዬ ሁለተኛውን የመክፈቻ ንግግራቸውን ሲያደርጉ፣ የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ከተመረቀ ወር አልሞላውም። የጋይንትና የስማዳ ተዳፋት ከበሽሎ ጋር አፈሩንና ውኃውን የሚልክለት ግድብ ነውና በዚህ አገር ያ ዜና በባዕድነት አልተሰማም፤ ቦንድ የገዛው ጥቂት አይደለም።

የዚያ ሳምንት ዓርብ ጥቅምት ሊገባ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። ያን ጊዜ በደጋው ፈጥኖ የሚደርሰው ገብስ መዛግ ይጀምራል። ነጋዴው ከገብሱ ቀለም ይልቅ የመንገዱን ወሬ ይጠይቃል፤ ወረታ ድረስ መኪና ያልፋል ወይ፣ ናፍጣስ በስንት ተቀዳ? መልሱን ሰምቶ ነው ለቁናው ዋጋ የሚጠራው።